የሎሚ እንጨት ጥለት

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ቆርቆሮ በር ገፍቼ፣
የሎሚ ግንድ ታቅፌ፣ በላብ ርሼ ገብቼ፣
«ምን ትሠራበታለህ?» አልኩት፤ በድሬ ሽማግሌም «አንተ» ነው።
«አባቴ የተከለው ነበር። ውሃ ጠፍቶ ነው የደረቀው።
ለማገዶ ሽጪው አሉኝ፤ እኔ ግን አልጨከንኩም።»
ሼፍ ቡሽራ ጫፉን ላሰ። አንድም ቃል አልመለሰልኝም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በባቡር ጥገና ቤት
የፉርጎ በር ሲያቃና፣ የወንበር እግር ሲያበጅበት፤
ሐዲዱ ዝም ሲል ጊዜ፣ ደመወዙም አብሮ ዝም፣
ጊታር መሥራት ጀመረ።
መጫወት ግን አይችልም።

«ስሚ ስንዱ፣ ጊታር ማለት ሣጥን ነው፣ ባዶ ሣጥን።
ፊቱ ከጎኑ ሲጋጠም፣ ዳሩ ነው የሚያሳማን።
ስንጥቅ ከዚያ ነው የሚነሳ፣ ትንሽ ሲመቱት ጠርዙን፤
ጥለት የምናለብሰው ለዚህ ነው።»
«ለጌጥ አይደል?»
«ለጌጥም ነው። አቦ፣ አታድርቂን!»

ድሬ በቀትር ትተኛለች፣ ሱቁ መጋረጃውን ጥሎ፤
እኛ ብቻ ነን የነቃን፣ መጋዙ ሲጥ ሲጥ ብሎ።
ውስጡ የቅቤ መልክ ነው፣ አንድ ቢጫ ጅማት ያለው፤
በመጋዝ፣ ከዚያ በመላጊያ፣ ከዚያ በምላጭ አሳሳነው፣
እንደ ጋዜጣ ወረቀት፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ፤
ማራገቢያው ጠፋ እንዳያበነው፤ በዚያ ሙቀት፣ ላቤ ሲፈስ።

«ጥቁሩስ?» አልኩ፣ «ዞጲ እንግዛ?» ሳቀ፣ ጣሳ አመጣ፤
ውስጡ የሐዲድ ሚስማር፣ የዛገ፣ ኮምጣጤ የጠጣ።
ግማሹን ልጥ አስቀድመን በሻይ ቅጠል ቀቀልነው፣
ከዚያ ከሚስማሩ ጋራ አንድ ሌሊት አሳደርነው።
ጠዋት ሳወጣው ጠቁሯል፤ የባቡር ጭስ፣ የቁራ ክንፍ፤
ነጩም ጥቁሩም ከአንድ ዛፍ፣ ከአባቴ ሎሚ ቅርንጫፍ።

ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ በኮላ፣ በሞርሳ አፍ ውስጥ ታፍኖ፣
በሁለተኛው ቀን ወጣ፣ ሦስቱ አንድ ገመድ ሆኖ።

ጣጣው ወገቡ ላይ ነው። ቧንቧው በከሰል ይግላል፣
እንጨቱ ውሃ ይነካና፣ ተጭነውት ይለመጣል።
እኔ ቸኮልኩ።
ቀጭ አለ።
ድምፁ የክብሪት ያህል ነው። አባቴ ሎሚውን ሊያጠጣ
በርከክ ብሎ ሲነሳ፣ ከጉልበቱ ይኸው ነበር የሚወጣ።

ሼፍ ቡሽራ አልተቆጣም። የተሰበረውን አነሳ፣
አሸተተው። «እሳት ሲነካው፣ እይ፣ ሎሚነቱን አልረሳ።
ቀስ በይ እንጂ። መታጠፊያን ማን በጥድፊያ አለፈው?
ባቡር እንኳ እያፏጨ፣ እያዘገመ ነው የሚዞረው።»

በሦስተኛው ታጠፈልኝ። ዳሩን በመሮ ፈልፍለን፣
ጥለቱን አስገባንበት፤ በብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልለን
እንደ ቁስለኛ አስተኛነው።

ሲፈታ፣ ግርጌው ላይ፣ ጫፍና ጫፍ የሚገናኝበት፣
ፀጉር የምታህል ክፍተት ቀረች። የእኔ ናት። አፈርኩባት።
ሼፍ ቡሽራ ዓይኑ ደክሟል፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ነው የሚያይ፤
ዙሪያውን ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።
ቆመ እዚያችው ላይ።
«ያን የሰበርሽውን አምጪው» አለኝ፣ «የት ጣልሽው?»
ኪሴ ውስጥ ነበር።
«በሞረድ ፍቂው፣ ዱቄቱን በኮላ ለውሺው።»
እንዲያ ነው የተደፈነችው።

ጉሌድ ከገንደቆሬ መጣ፣ በባጃጅ፣ ጫት በጉንጩ፤
ክሩን መታ፣ ሳቀ፣ ከፈለ፤ አልታየው ጥቁሩ ነጩ።
ሊወጣ ሲል ቆርቆሮው በር የጊታሩን ጎን ጓ አደረገው።
ሁለታችንም ብድግ አልን።
«አምጣው» አለ ሼፍ ቡሽራ፤ ዳሩን በጥፍሩ ዳሰሰው።
ምንም።
«ሂድ፣ አቦ» አለው።

ማታ ከጓሮዬ፣ ከባዶው ጉድጓድ አፍ ቆሜ
እጄን አሸተትኩ፤ ዝገት ነው፣ ኮላ ነው፣ ከሥሩ ሎሚ።