በኅዳግ የተጻፈ

ከገድሉ አይቆጠር፣ ይኼ የዳር ጽሑፍ፤
አበምኔቱ ተኝተው፣ ጧፍ ቀንሼ ልጻፍ።
ተጉለት ነው አገሩ፣ ከሞፈር ውሃ አፋፍ፣
ደመናው ከታች ነው፣ ሰው በላዩ ሲያልፍ።

ዓመቱ የማርቆስ፣ ሐምሌ ገባ ሲባል፤
ገብሱን የኅዳር ውርጭ አስቀድሞ በልቷል።
ሰው ሣር ጋጠ፤ ሞተ። የቀረው ለመቅበር
ክንዱ አልታዘዝ ብሎ፣ በየመንገዱ ዳር
ያለ ፍትሐት ጸሎት፣
ያለ ጧፍ፣ ያለ ስም፣ አፈር በተነበት።

በዚያው ዓመት ነበር ሹሙ ዘሚካኤል
«ለነፍሴ መድኃኒት፣ ገድል ጻፉልኝ» ሲል
ሰማንያ ፍየል ያሳረደው በደጅ፤
ሥጋው ለጭፍራው ነው፣ ለእኛ ቆዳው እንጅ።

እኔም ቀለም በጠበጥኩ፦ ጥቀርሻውን ከድስት፣
ገብሱን ከገዳሙ ጎታ፣ ቆልቼ፣ አሳርሬ፣ ፈጭቼ ለጥቁረት።
አንድ ቁና ገብስ። ሽታው ስቧት መጥታ
እህቴ ከበራፍ ቆመች ለአንድ አፍታ።
«ለቀለም ነው» አልኳት።
«እሺ» አለችና ሄደች።
በሦስተኛው ቀን ሞተች።

በፍልሰታ ዋዜማ፣ ጉም ከገደል ሲወጣ፣
ጅቡ ሽቅብ ሲሸሽ፣ ውሻው ድምጹን ሲያጣ፣
መጡ።
አፈር ከጥርሳቸው፣ ሣር ከጉንጫቸው ሥር፣
ጉልበታቸው አይታጠፍ፣ ዓይናቸው አይዞር።
ገነት ያልጠራቸው፣ ሲኦል ያልቆጠራቸው፣
መሬትም በቃኝ ብላ የተፋቻቸው።

ቄሰ ገበዝ አብሳዲ ወጡ መስቀል ይዘው፤
ሙታኑም ተሳለሙ፣ በወግ በማዕረጉ፣ ግንባር አስነክተው፤
ከዚያ መስቀሉን ትተው
እጃቸውን በሉ።

ጎታውን አለፉት። ባዶ መሆኑን ያውቃሉ፤
ሞት ብዙ ያሳውቃል።
የተወጠረውን ብራና ከእንጨቱ ገሽልጠው
ሰማንያውን ፍየል አላመጡት፣ ጽሑፉን ከነነጥቡ፤
ተአምር ዘጠኝ፣ ተአምር ዐሥር፣ ከሆዳቸው ገቡ።
አንዱ ቀዩን ቀለም፣ የቅዱሱን ስም፣ ይልሳል፤
ሌላው ጥቁሩን ያሸታል፣
ገብስ ገብስ ይላል።

እኔ ከጥጉ ነኝ፤ ብዕሬ ይርዳል፣ ራሱ ሸምበቆው።
አንዱን ግን ለየሁት፤ ሸማኔው በኪሞስ ነው!
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ በቁራጭ ብራና፣ በጉልበቴ ላይ፣
«በኪሞስ፣ የሞፈር» ብዬ ጻፍኩ። አራት ነጥብ።
ጥርሱ ቆመ። ተቀመጠ።
ተጋደመ፣ ሥራ እንደዋለ ሰው።

ሌሊቱን ጻፍኩ እንግዲህ። ለሹሙ የታሰበው
ባዶ ቅጠል ሁሉ ስም ብቻ ነው የሞላው፦
አመተ ጽዮን፣ ባለ ሦስት ልጅ
(የልጆቹን ስም አላውቅም፤
«ሦስቱ» አልኩ፤ ገባቸው፣ ተኙ)፣
መርሐ ጽድቅ አንካሳው፣
ጨው ያበደረኝ፣ ያልከፈልኩት፣ ዮናኤል፤
እርሱ ሲጋደም እንኳ ቀና ብሎ አየኝ።

ሊነጋጋ ሲል ቀለሙ ከቀንዱ ሥር ደርቆ
አንዲት ብቻ ቀረች፣ ከበራፍ፣ እጇን አጣጥፋ።
አትበላም። ትጠብቃለች።

ስሟን ዐውቃለሁ፤ አፌን የፈታሁበት ነው።
በሦስት ፊደል ያልቃል።
ቀለሙም ለሦስት ፊደል ይበቃል።
ግን ብጽፈው ትተኛለች።

ይኸው ዓመት ሆነን። ቀን ከመጻሕፍቱ ኋላ፣
ሌሊት ከጎኔ ሆና ብራና ትፍቅልኛለች፤
እንደ ድሮዋ ናት፣ ጠርዙን አትስትም።
አንዳንዴ ጥርሷ ይጋጫል። ያን ጊዜ እነሣና
ዕፍኝ ቆሎ አስይዛታለሁ፣ የገብስ፣ ትኩሱን።
መልሳ ከመዳፌ ታፈሰዋለች።
«ለቀለም ነው» ትለኛለች።

ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለሰማው
ይማር ይላል ወጉ። ይኸን ያገኘህ ሰው፣
ከዚህ ሥር ክፍት ቦታ አለ፣ ሦስት ፊደል የሚያህል፤
እኔ ካለፍኩ በኋላ ጠይቀህ ሙላው።
ጠብታ ቢተርፍህ፣ ከጎኗ የእኔን።
ስሜ ከገድሉ መጨረሻ ላይ አለ፣
ካልተበላ።