አንሳኝ

አዲሱ አስፋልት መጣ፣ ዳር ዳሩን ዞረና፤
ከተማዋ ቀረች ከቢቸና ወዲህ፣ ከጮቄ ደመና
በታች ተቀምጣ፣
አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ሰው ላይወርድ፣ ላይመጣ።

ካሜራዬን ይዤ በጠዋት ገባሁኝ።
ውሻ እንኳ አልጮኸብኝ።
በዋናው መንገድ ዳር አሥራ ሰባት መደብር፤
አሥራ ስድስቱ ዝግ፤ አንዱ ግን ክፍት ነው፣ ስለሌለው በር።

መጀመሪያ ያገኘሁት «ይርዳው ልብስ ስፌት»።
«ይ»ዋ ተሸርፋ ወድቃ፣
ማስታወቂያው አሁን «ርዳው» ይላል ብቻ።
በመስታወቱ ውስጥ አንድ ኮት ቆሟል፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው፤
ደረቱ ላይ የኖራ መስመር። ሊለካ የመጣው
ሰው አልተመለሰም፤
የስፌት ክሩ ግን ከኮሌታው ገና አልተበጠሰም።

ተጫንሁ ቁልፉን፤ ቀጭ አለ፤ ይኸም ቁልፍ ይባላል፤
በር አይከፍትም እንጂ ብርሃን ይቆልፋል።

ቀጥሎ ሸቀጥ ቤት፤ ግድግዳው ላይ በቀይ፣ ጽሑፉ ትልቅ፦
«ዛሬ በእጅ በእጅ፣ ዱቤ ነገ፤ ወዳጅ አትጠይቅ።»
ነገ ይኸው መጣ፤ እኔ ደረስሁበት፤
ባለዱቤው ሄዷል፣ አበዳሪም የለበት።
አንድ ሚዛን ብቻ፣ ሁለት ሳህን ዘርግቶ፣
አቧራ በአቧራ ይመዝናል እኩል፣ ገዢ አጥቶ።

«ሙሉሰው ፎቶ ቤት» ፊት ለፊት ብዙ ቆየሁ።
የክርስትና ልጅ፣ ሚዜ፣ ቆብ የደፋ ወታደር፤ ሁሉንም ፀሐይ
ልሳ ጨርሳለች።
የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ቀርቷል፤ ፊቷ የለም፤ የት ሄደች?
ጎንበስ ብዬ ባየው የገዛ ፊቴ ሄዶ ቬሎው ላይ አረፈ፤
ከጀርባዬ ደመና፤ ከደመናው ሥር ጭድ የጫነ አህያ
በመስታወቱ አለፈ።
በመስታወቱ ውስጥ ከተማይቱ ሞልታ፣
ዞር ስል ከኋላዬ አንድ ዶሮ፣ አንድ ጀሪካን፣ ደግሞ ዝምታ።

እንዲህ ስዞር ዋልሁኝ። አነሳሁ፣ አነሳሁ፣ መቶ ጊዜ ግድም፤
ቤቱን አነሳሁት፣ በሩን አነሳሁት፤
ከወደቀበት ግን አልተነሳም አንድም።

ያ በር የሌለው ሱቅ ደፉ ላይ ተቀምጠው
ሽማግሌ ነበሩ፣ ከግድግዳው ጋራ በቀለም አንድ ሆነው፣ ከዓይኔ አምልጠው።
«ምንድን ነው ምታነሳ?» አሉኝ። «መደብሩን።»
«ስንት ዓመት ሸጥሁበት፣ ጨውና ላምባውን!
ብታነሳው ጥሩ። ወድቋል መቼም» ብለው ሳቁ።
«ስሜ ልየው ነበር፤ ሳላይ ነው ማለቁ።»

ትንሽ ዝም አሉና፣
«እኔንም አንሳኝ» አሉ።

ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ፀሐዩን ለካሁኝ፣ ሌንሱን አጠበብሁ፤
«አያ ልየው፣ እስኪ ትንሽ ቀና ይበሉ» አልሁ።
ቀና አላሉም፤ እጃቸውን ነው ወደኔ የዘረጉት፦
«አንሳኝ እንጂ ልጄ! ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ከጠዋት ነው እዚህ የተቀመጥሁት።»

ካሜራው ደረቴ ላይ ተንጠለጠለ። በብብታቸው ገባሁ፤
እንደ ባዶ ጆንያ ቀለሉኝ፤ አነሳሁ።
ምርኩዛቸውን ሰጠሁ። ጋቢያቸውን አራግፈው፣
«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው
ሄዱ፣ በዚያ መንገድ፣ ማንም በማይጠብቀው።

ማታ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አልጋ ቤት ውስጥ ሆኜ
አንድ ባንድ አየሁት። በየመስታወቱ እኔው አለሁበት፣
ፊቴን በካሜራ ሸፍኜ።
አንዱ ሥዕል ግን ያላነሳሁት ነው፤ ጎንበስ ስል ለካ
ቁልፉ በክርናቸው ሳናውቀው ተነካ፦
የዘመመ መሬት፤ አንድ የጎማ ጫማ፤ የምርኩዝ ጫፍ፤
ከሱቁ ስንጥር መስታወት ላይ አራት እግር፣
የቱ የማን እንደሆነ የማይለይ።
ትኩረቱም ጠፍቷል፤ ብርሃኑም በዝቶበት ብዥ ያለ ነው።

እስኪ እንደገና ልየው።