ግራ የገባት

ዱጋልድ ሲሸጥልኝ እንዲህ ነበር ቃሉ፦
«አንድ ሽማግሌ ነው የነዳት በሙሉ፤
ደብዳቤ ሊያመጣ እስከ አጥሩ ድረስ፣
ቢበዛ ቢበዛ ከላም በረት ሊደርስ።»
ሰማያዊ ቀለም፣ ትናንት የተቀባ፤
ዋጋ ሳልከራከር ልቤ ቀድሞኝ ገባ።

መስከረም ሲጠባ፣ በኒውዚላንድ ዳር፣
በጎች ይወልዳሉ ውርጭ በነካው ሣር፤
አንዷ ከወንዙ አፋፍ፣ አንዷ ከገደሉ፣
«ድረስልኝ» እያሉ ሌሊቱን ያድራሉ።
ጉልበቴ አርጅቷል፣ ኮረብታው አላረጀ፤
ባለአራት ጎማ ነው ለኔ የተበጀ።

መሪውን ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ግራ፤
መሪውን ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ፤
የአጥሩን እንጨቶች ገጨናቸው በተራ።
ውሻዬ ፍሊን እንኳ፣ ከኋላዬ ቁጭ ያለው፣
ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ሊያስተካክላት ነው።
«ግራ ገባኝ» አልሁት፤
ቃል በቃል እውነት።

ሌላም አመል አላት።
አሥር ደቂቃ ያህል ትጋልብና እንደ ፈረስ፣
ልክ ዳገቱ መሐል፣ አናቱ ሳትደርስ፣
ትስላለች። ትስላለች። ቀጥ።
ሩብ ሰዓት ስንሰዳደብ፣ እኔ በአፌ፣ እሷ በዝምታ፣
ትነሣለች ደግሞ፣ እንዳልታመመ ሰው፣ አንድም ሳታመነታ።
ካንዴላ ለወጥሁ። ካርቡራተር አጠብሁ።
ነዳጁን ደፍቼ በአዲስ ተካሁ።
ባትሪዋን ጠረጠርሁ፤ ምስኪን፣ ንጹሕ ናት።
ዳገቱ ላይ ግን ያው፤ ያው ሳል፣ ያው ሞት።

ሆሪያና መጣች፣ በግ ሸላቿ ጎረቤቴ፤
ጆሮም አልሰጠችው ለረጅም ምሬቴ።
ጭቃው ላይ ተኛች በጀርባዋ፣ ከሆዷ ሥር ገባች፣
የፊት ጎማዋን ይዛ ግራ ቀኝ ወዘወዘች፦
ቀጭ፣ ቀጭ።
«ቴስቲናው ተበልቷል። ዘንጉ ጎብጧል በጣም።
ይህቺ ማሽን ወድቃለች። ሰው ይዋሻል እንጂ ብረት አይዋሽም።»
«ሽማግሌው ደብዳቤ ሲያመጣ?»
«ደብዳቤው ገደል ውስጥ ነበራ!»
ሳቋ ከማሽኑ ሥር ወጣ።

በጥፍሯ ፋቀችው ሰማያዊውን።
ከሥሩ ቀይ ነበር።
ከቀዩ ሥር ደግሞ የብየዳ ጠባሳ፣ እንደ ተሰፋ ከንፈር፤
ስፌቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ከኔ መስክ ያልበቀለ ሣር።
ማን አብሯት እንደ ወደቀ፣ ማንን እንደ ተጫነች
ሆሪያና አልጠየቀች፤ እጇን ጠርጋ መፍታቱን ጀመረች።

ዘንጉን በሞርሳ ነክሰን ጥቂት በጥቂት አቀናን፤
ከሷ አሮጌ ማሽን ደኅና ቴስቲና አገኘን።
ሲባጎ ወጥረን ለካን፣ ጎማ ከጎማ ፊት፤
ዳዶውን ጠበቅ አድርገን ግራሶ አጠጣናት።
ቀጥ ብላ ሄደች፤
ዳገቱ መሐል ደግሞ
ቀጥ አለች።

ሆሪያና ጆሮዋን ሰልባቲዮው ላይ ጣል፣
«ዝም በል» አለችኝ። ክዳኑን በቀስታ ፈታ ስታደርግ፦
«ሽ...ሽ...ሽ...»
አየር ገባ፤ ጠላቂ ሰው ከውሃ ብቅ እንደሚል።
«ርቧት አይደለም» አለች፣ «ታፍና ነው፣ ትንፋሽ አጥታ፤
የጠጣችውን ያህል አየር ካልገባላት፣ አይወርድም ጠብታ።»
ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለች፣ መርፌ ብቻ የምታስገባ፤
እሷን የደፈናት ያ ቀለም፣ ያ ለገበያ የተቀባ።
ከቤት መርፌ አመጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዱጋልድ መጣ፣ አጥሬን ተደግፎ
ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ ሱፍ ዋጋ፣ ዋናውን ነገር አልፎ።
ከዚያ ዓይኑን ጭቃው ላይ ጥሎ
«ወደ ግራ ትጎትታለች?» አለ።
«ትጎትት ነበር» አልሁ።
ብዙ ነፋስ አለፈ።
«ሽማግሌ አልነበረም። ልጄ ነው። እግሩ ተርፏል።»
ክዳኑ የላላ ያህል
ትከሻው ወረደ። ሻይ አፈላሁለት።

አሁን፣ ጃኬቴ ውስጥ ግልገል ይዤ ሽቅብ ስወጣ፣
ሞተሩ አይስልም። መሪው እጄን ይሰማል።
ፍሊን ብቻ፣ ከኋላዬ፣
ማንም ሳያዘው፣
እስከ ዛሬ ወደ ቀኝ ያጋድላል።