ከጀርባ ያለው መብራት

ጦሳ ጭጋጉን ለብሶ ደሴ በቀትር ሲመሽባት፣
ሉባባ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ውስጥ ዝናብ አለበት።
«ኮምፒውተሬ ታመመ» አለች፣ «ፊቱ እየጠቆረ ሄደ፤
ትናንት አመድ መስሎ ዋለ፣ ዛሬ ከሰል መሆን ወደደ።»

ካቻቪቴና ፒንሳዬን፣ ቴስተሬን በጨርቅ ጠቅልዬ
ከፒያሳ በእግሬ ወረድኩ፣ ባጃጁን ውድ ነው ብዬ።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ናት፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ ቆርቆሮ፤
«ይግባኝ፣ ውክልና፣ ኮፒ»፤ ዋጋው ተሰርዞ፣ በላዩ ሌላ ዋጋ ሰፍሮ።
አጠገቧ አንድ ሽማግሌ፣ ከገራዶ በማለዳ የመጣ፣
የመሬት ደብተሩን በፌስታል አቅፎ፣
«ብቻ ሬጅስትራሩ ሳይወጣ…»

መጀመሪያ ቀላሉን ያዝኩ፤ ሐኪም ምላስ እንደሚያይ።
የብርሃን ቁልፉን ተጫንኩ። መቶ ላይ ነው። ከመቶ በላይ
ሰማይ የለም።

ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ደግሞ በሌላ ለወጥኩ።
አቧራውን እፍ አልኩበት፤ ሁለቴ አስነጠስኩ።
«መብራት ኃይል ነው?» አለች።
ቴስተሬ ሁለት መቶ አሥር አነበበ፤
ለደሴ ይህ ድግስ ነው።

ሲበራ ለሁለት ሰከንድ ፏ ይላል፣ ፊቱ ይቀላል፤
ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ትከሻውን ጥሎ ይጨልማል።
አወቅሁት። እርጅና ነው። አሥራ አራት ዓመት በእሷ እጅ፤
ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ፣ የአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ልጅ፤
በጨረታ ነው የወጣው።

ስልኬን አብርቼ በጎን በኩል አስጠጋሁ።

ጉድ!
ፊደሎቹ አሉ። አንድ ነጥብ ሳይጎድል፣ በጨለማው ተሰልፈው
ማንም ሳያያቸው ቆመዋል፣ ተራቸውን ጠብቀው።

«አልጠፋም» አልኳት፣ «ሉባባ። ጽሑፍሽ ደህና ነው።
የከዳሽ ከጀርባው ያለው ቱቦ ነው፤ ከእስክርቢቶ ቀፎ የቀጠነ፣
ፊት ለፊቱን ሲያበራ ኖሮ፣ ማንም ሳያየው የመነመነ።»

«መቼ ይሠራል?»
«ሙጋድ፣ ሱቄ ውስጥ የሞተ አንድ አለ፤ ከእሱ ፈትቼ… ነገ ማታ።»
ሽማግሌው «ነገ»ን ሲሰማ ፌስታሉን ጠበቅ አደረገ።
ሰዓቱ አሥር አልፏል።

ሉባባ ወንበሯን ሳበች።
«ያዝልኝ» አለች፣ «መብራቱን። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ።»

እኔ ያዝኩ፣ እሷ ጻፈች።
ብርሃኔ የሚደርሰው አንድ መዳፍ ታህል ቦታ ነው፤
ጣቷ ወደ ሄደበት እሄዳለሁ፦
«ወንድሜ»… «ድንበሩን»… «ገፍቶ»…
«ሦስት ጊዜ በሽማግሌ»…
ክንዴ ሲዝል ከቀኝ ወደ ግራ አዞርኩ።
አንድ መስመር ስቼ ዘለልኩ፤ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ስሙ ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ተነሥቶ ጎነበሰ።
ማንበብ አይችልም፤
ግን የጣቱን ጫፍ መስተዋቱ ላይ አሳረፈ።
«ይሄ ነኝ?»
«አዎን፣ አንቱ ነዎት» አለችው። «እብሬ ሙሄ።»
ጣቱን ትንሽ አቆየ።

ፕሪንተሩ አጉረመረመ። ወረቀቱን ትኩስ እንዳለ ተቀብሎ
ሮጠ፤ ከዘራው ቀረ፣ ግድግዳው ጥግ ተንጋሎ።

እኔም ስክሪኑን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ
ወደ ሙጋድ አቀናሁ፣ የጎርፉን ቦይ አልፌ።
ሕንፃው የለም። መንገዱ የለም። ጦሳ ራሱ የለም።
አይ፣ አለ። ሁሉም አለ፤ ፊደሉ ከቦታው አልወጣም፤
ከጀርባው ያለው ነው የደከመ።

ስልኬ ሦስት ፐርሰንት ላይ ነው።
መኪኖች በቀን መብራት አብርተው፣ እየዳበሱ ያልፋሉ።
የእጄን ዋጋ ሳልቀበል መውጣቴ
አሁን ትዝ አለኝ።

ነገ ማታ።