ስንዱ

ስሟ ስንዱ ነበር፤ ግብሯም እንደ ስሟ፤
ከቦርሳዋ ጠመኔ፣ ከዓይኗ ሥር ድካሟ፣
እሁድ እሁድ ጠዋት አንዱም ቀርቶ አያውቅም።
የበርገን ዝናብ እንደሁ ሰው አይመርጥም፤
ጃንጥላ ያለውን ከሌለው አይለይም፤
ሌሊቱን በሙሉ ከአረጋውያን መጦሪያ ቤት
ስትደግፍ፣ ስታጥብ፣ ስታገላብጥ ያደረችው ሴት፣
በመጀመሪያው ባቡር፣ በእርጥብ ካፖርት፣
ከተራራው ሥር፣ ከተውሶው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣
ቁልፉን ታዞራለች።

እኛ ስንደርስ ወንበሩ ተደርድሯል፤
ማሞቂያው ያቃስታል፣ ሰሌዳው ተወልውሏል።
እኛማ ምን ነበርን? ቀልባችን ኳስ ሜዳ፣
እግራችን ከወንበር፣ ዓይናችን ከጓዳ
(ብስኩቱ ካለበት)፤
በኖርዌይኛ ተጣልተን በአማርኛ የምንካሰስ፣
ለቅጣት የምንስቅ፣ ለሳቅ የምናለቅስ።

ኬብሮን “ቅዱስ” ማለት አቅቶት “ክዱስ” ሲል፣
አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም፤
ጎንበስ አለችና፣ የራሷን ጉሮሮ በጣቷ ነካችለት፤
“ከዚህ ናት” አለችው፣
“በር ሲቆለፍ ሰምተሃል? እንደዚያ ቀጭ በልላት።”
ሳምንቱን ሙሉ ልጁ ቀ፣ ቀ፣ ቀ እያለ ከረመ፤
አውቶቡስ ላይ አንዲት አሮጊት ውኃ ሰጡት፣
መስሏቸው የታመመ።

አንድ የየካቲት እሁድ ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል።
ተረኳ ጉድጓዱ ጋ ደርሷል፤
ወንድሞቹ ልጁን ሊወረውሩት እጁን ይዘዋል፤
እዚያ ላይ ቃሏ ተቆረጠ፣ ጠመኔው ወደቀ፤
እንቅልፍ ደጅ ቆሞ ሲጠብቃት የኖረ ይመስል
ስንዱን ካፋችን ሰረቀ።

እኛ፣ ለረብሻ ሰበብ ስንፈልግ የምንውል፣
ዝም አልን።
ኢዮስያስ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለ፤
ትንሹ ወንድሜ እንኳን፣
ማስነጠሱ ሲመጣበት አፍንጫውን ይዞ ዋለ።
ኤፍራታ በእግሯ ጣት ሄዳ ጠመኔውን አነሳች።
“ከዚያስ?” አለ አንዱ፣ በሹክሹክታ ቃል።
“ከዚያማ” አለች፣ “ከጉድጓዱ ይወጣል።”

ሃያ ደቂቃ ያህል ይሆናል።
ስትነቃ አፈረች፤ ጃኬቱን አይታ ደግሞ አፈረች፤
“ይቅር በሉኝ ልጆች” አለች።
ትልቅ ሰው ትንሽን ይቅርታ ሲለምን
ያን ቀን ነው ያየሁት፤
ከብዙው ትምህርቷ፣ ሳታስበው ያስተማረችኝን
እሱን ነው የያዝኩት።

በዓመቱ መጨረሻ ጉባኤው ሲሰበሰብ፣
ሰብሳቢው ከወረቀት ምስጋና ሲያነብ፣
ምንጣፍ የገዛውን፣ ድምፅ ማጉያ የሰጠውን፣
ለዝክሩ ድስት ያዋሰውን፣ ጣሪያ የጠገነውን፣
ሁሉን በስም ጠራ።
አጨበጨብን። እሷ ከኋላ ወንበር ታጥፋለች፤
የሚያፈስ ጣሪያ ያስጮኻል፤
ያልተናጋ መሠረትን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?

እኔ ዲያቆን አልሆንኩም፤ ዜማም አልዘለቀኝ፤
ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር ነው የማክም፣ ቅባት ያለቀለቀኝ።
ጸሎቴ አጭር ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይረሳኛል።
ግን ከሌት ፈረቃ ስመለስ፣ ቤቴን ስከፍት፣
ቁልፉ ቀጭ ሲል፣
አንዲት ሴት ጎንበስ ትላለች፤ ጣቷ ጉሮሮዋ ላይ ያርፋል።

ስንዱ፣ ዘግይቻለሁ፤ ስምሽን ግን ልጥራ።
ክፍያ አልነበረሽም፤ ለካ ያ ነበር ሥራ።
እንቅልፍሽን የበላን ልጆች፣ ይኸው አድገናል፤
አማርኛችን ዛሬም መንገድ ላይ ይሰበራል፤
“ቅዱስ” ስንል ግን፣
ከዚህ ነው፣ ከጉሮሮ፣
ቀጭ ይላል።