የብርሃን መዝገብ

መስኮቱን ጋረድነው በቡና ችግኝ ላስቲክ፣
ጥቅምት በቀዳዳ ጨረሩን እንዳይልክ።
ዲንቂቱ አለችኝ፣ የዕቃው ኃላፊ፦
«ብርሃን ጥርስ አለው፣ ቀለም ነው ቀለቡ፤
ሃያ ዓመት ቢበላ አይበርድም ረሃቡ።
ሃምሳ ሉክስ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።»

እኔ የሠርግ አዳራሽ መብራት ሰቃይ ነኝ፣
ከአጂፕ እስከ ቆጪ ጅማ የሚያውቀኝ።
ሙሽራ ዓይኑን ካላሸ፣ አምፖል ካልፈነዳ፣
ደስ አይለውም ነበር ደጋሹ ባለዕዳ።
እዚህ ግን ሒሳቡ ሌላ መላ ነው፤
ላበራሁት ሁሉ ከፋዩ ከፋይ ነው።

አንገቷ የተቆረጠ አሻንጉሊት ከሸገር
በአውቶቡስ ጣሪያ መጣች፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር።
ወገቧ ቀጥኖብን ወረቀት ጠቀጠቅን፤
ቀስ አድርገን፣ በአራት እጅ፣ ቀሚሱን አለበስን።

አረንጓዴ ነው። ነበር ልበል መሰለኝ።
ትከሻው ላይ ሸምግሎ የሻይ መልክ ይዟል፤
በዘርፉ እጥፋት ውስጥ ልጅነቱ ተርፏል፦
ስልሳ ዓመት ፀሐይ ያላየው፣ አንድ ጣት የማይሞላ፣
የአዌቱ ዳር ሣር ከክረምት በኋላ።

ፊት ለፊት ሳበራ ከፋዩ ዋጠብኝ፣
ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ መልሶ ዓይን ነሣኝ።
ከላይ ሳበራበት የተሰቀለ ሰው መሰለ።
በጎን፣ ከታች በኩል፣ በስሱ ብልከው፣
ጠጉሩ ተነሣና እስትንፋስ ጀመረው።

በመክፈቻው ዋዜማ አዴ ሸምሲያ መጣች፣
የሰፊው ልጅ፤ ምርኩዟን አስቀድማ ገባች።
ስሟ በዐረብኛ ፀሐይ ማለት ነው፤
ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ዳመና ለብሳለች።

«አብራው እንጂ ልጄ፣ ለማን ትሰስታለህ?
አባቴ ሂርማታ በጠራራ የሰፋውን
አንተ በክብሪት ታህል ታሳየኛለህ?
ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ ጨፍራበታለች፤
ፀሐይ እኮ ያኔም ነበረች።»

አስረዳኋት፤ ስለ ሉክሱ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ዕድሜው።
አንገቷን ነቅንቃ ሰማችኝ፣ እንደ ሐኪም።
«ታዲያ እንዳያልቅ ብላችሁ
ላያየው ሰው ልታቆዩት ነው?» አለች።
መልስ አልነበረኝም። ሽቦ ጠቀለልኩ።

«እሱ ስፌት ሲጨርስ፣ ከዘርፉ በውስጥ በኩል፣
ሦስት ጊዜ ወግቶ አንድ ቋጠሮ ይተዋል።
ሚስቱ እንኳ አታውቀውም ነበር፤ እኔ መርፌ አቀባይ ነበርኩ።
ያንን ባገኘው ይበቃኛል።
ለሱ ዓይን አያስፈልገኝም።»

መንካት ክልክል ነው።
ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በሦስት ቋንቋ።
ዲንቂቱ ሒሳብ ክፍል ሄዳለች።

መሰላሉ ላይ ወጣሁ፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ
አምፖል መቁጠር ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ያልላላ ብሎን አጠበቅሁ።
አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ከእግሬ ሥር
አንድ ትንፋሽ ሰማሁ፤
ሣቅ ይሁን ሌላ አልለየሁትም።
እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ስወርድ እጇን ሻሿ ውስጥ ደብቃ ነበር።
«ቀኝ እጁ ያመው ነበር ያን ሰሞን» አለችኝ፣
«ቋጠሮው ላልቷል።»

ከሄደች በኋላ ወደ ዘርፉ ያዘነበልኳትን
አንዷን መብራት መልሼ አቀናሁ፤
ያች አንድ ጣት ጨለማዋን ይዛ ትቅር ብዬ።

ማታ፣ ማብሪያውን ዘግቼ፣ መዝገቡን ሞላሁ፦
አርባ ደቂቃ፣ ሃምሳ ሉክስ።
ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፊርማ አለው፤
ለጣት ግን መዝገቡ ዓምድ የለው።