ሁለት ዓምድ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቶሌዶ ችሎት፣
ጣቴ ቃል ሲለቅም፣ የዳኛ ትእዛዝ፣ የምስክር ጩኸት፣
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ሳልፈርድ፣ ሳልገምት፤
አንዱን ሳል ቢይዘው፣ «ሳለ» ብሎ መጻፍ፣ ይህ ነበር የኔ እውነት።

ጡረታ ወጣሁኝ፤ ጣቴ ግን እምቢ አለ፤
ሥራ የለመደ እጅ መች ቁጭ ብሎ ዋለ!
እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ጨዋታው ሲጀመር፣
ቢጫ ደብተር ገልጬ፣ መሐሉን እከፍላለሁ በአንድ ቀጭን መስመር፤
ከግራው ሊንድግሬን፣ ነጩ፣ የኔብራስካ ገበሬ ልጅ፣
ከቀኙ ፔቲዌይ፣ እንደኔው ጥቁር፣ ያደገ በሽሪቭፖርት ደጅ፤
ሁለት ኳርተርባክ፣ በዕድሜም በክንድም እኩያ።
ያርዱን ሌላ ይቁጠረው፤ የተንታኞች ቃል ነው የኔ መለኪያ።

ሊንድግሬን ሲወረውር፦ «አነበበው! ይህ ነው ጭንቅላት!
እንደ መጽሐፍ ገለጠው የተከላካዮቹን ስልት!»
ፔቲዌይ ያንኑ ኳስ፣ በዚያው ቀዳዳ ሲሰድ፦
«ተፈጥሮ ነው! እዩት ይሄን እግር፣ ይሄን ክንድ!»
አንዱ ለፍቶ አገኘ፣ ሌላው ታደለ፤
አንዱ አሰበ ተባለ፣ ሌላው ዘለለ።
(መዝለሉንስ ዘሏል። ግን እግሩ ከመነሣቱ
ሦስት ሰው በዓይኑ ሲቆጥር አይቼዋለሁ በሰዓቱ።)

ወንድሜ ዩሊስስ፣ በሰባ አንድ ነሐሴ፣
ከልምምድ ሰፈር ደወለ፤ ያለኝን ይዤዋለሁ እስከ ዛሬ ለራሴ።
ሻንጣው ውስጥ ነበረ አርባ ገጽ፣ በእርሳስ የነደፈው፣
የማጥቃት ስልት ሁሉ፣ ሌሊት ሌሊት እየነቃ የጻፈው።
አሠልጣኙ ገጹን ሳይገልጥ፣ እግሩን ብቻ አየና፣
«አንተ ተቀባይ ነህ» አለው፣ በፈገግታ፣ በትሕትና።
ወርዋሪው ተቀባይ ሆነ። የሰጡትን ተቀበለ።
ሰባት ዓመት ተቀበለ፣ ኳሱንም፣ ስብራቱንም፣ «እሺ» እያለ።

ዘመን ተለውጧል ይላሉ። እኔም አይቻለሁ፤
ጸሐፊ አያዳላምና፣ የማይጥመኝንም እላለሁ፦
ባለፈው ወር ፔቲዌይ ሁለት ጨዋታ ቢያሸንፍ፣
ፊቱ በአውቶቡስ ጎን፣ ስሙ በሰው ሁሉ አፍ፤
«ታሪክ ሠሪ!» «አዲስ ዘመን!» ቅጽሉን ደረደሩ፣
ስለ ዘገየ ውርወራው አንድ ቃል ሳይናገሩ።
የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሐውልት አድርገው አቆሙት፤
ሐውልት መቼ ተምሮ ያውቃል? ወይ ይሰግዱለታል፣ ወይ ያፈርሱት።
ይህንን የት ልጻፈው? ከግራ ነው? ከቀኝ?
እርሳሴ አየር ላይ ቀረ፤ ማጋነንም የንቀት ታናሽ ወንድም መሰለኝ።

ዛሬ በረዶ ጥሏል።
ሊንድግሬን ሦስት ኳስ አስጠለፈ። ፔቲዌይም ሦስት።
ለሊንድግሬን «ገና ልጅ ነው» አሉ፣ «ይማርበታል፣ ታገሡት»።
ለፔቲዌይ ጉባኤ ተቀመጡ፣ ከረባት አጥብቀው፣
«ለዚህ ቦታ የሚሆን ነው ወይ?» አንደኛው፤ «በቀለሙ ነው የጠላችሁት!» ሌላው፣ ጠረጴዛ ደብድበው።
አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ እሱ፤ እሱ ግን አልነበረበት።
ያቺን ሦስተኛ ኳስ፣ ያቺን እግር፣ ማንም አላነሣት።

ስልክ አነሣሁ። ዩሊስስ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤
ጉልበቱ ከድቶታል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው።
ስለ ዘር አላወራም። ስለ ታሪክም አላወራም።
«አየሽው?» አለኝ፣ ሰላምታም አልሰጠኝም፣
«የፊት እግሩን ቀድሞ ተከለ፤ ኳሱ ከፍ ያለችበት ለዚያ ነው።
ክንዱ ደህና ነው። ሐሳቡም ትክክል ነው።
ማክሰኞ ጠዋት ቁጭ ብሎ ቢያየው ይታረማል።»

ከግራም ከቀኝም አልሆነልኝ፤ መስመሩን ረግጬ፣
ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩት፣ ፊደሉን አስፍቼ።
ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ ረጅም ዝምታ መሐል፣
ሳለ።

«ሳለ» ብዬ ጻፍኩ።